አጋጣሚ፣ ዕጣና ቀደር፦ በዘረ መል ሳይንስ «በዘፈቀደ» ስለሚለው ቃል የቀረበ ሂስ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰለዋትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

መነሻ

በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች ብዙ ሙስሊም ወጣቶች ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ መድረሳ ይቀመጣሉ። የባዮሎጂው ትምህርት በሕያዋን ውስጥ ያለው የዘር መልእክት አልፎ አልፎ እንደሚለወጥ፣ ይህ ሚውቴሽን የተባለው ለውጥም «በዘፈቀደ» እንደሚከሰት ይነግራቸዋል። መድረሳው በበኩሉ ከዛፍ የምትረግፍ ቅጠል እንኳ ከአላህ ዕውቀት ውጭ እንደማትወድቅ ሱረቱል አንዓም 59ኛውን አንቀጽ መሠረት አድርጎ ያስተምራቸዋል። ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ ያገናዘበ ተማሪ፣ ለውጡ በዘፈቀደ ከሆነ ቀደር ምን ቦታ አለው? ቀደር እውነት ከሆነስ በትምህርት ቤት የተማርኩት ሐሰት ነውን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ተዘውትረው ይሰጣሉ። አንደኛው፣ ሳይንስ አጋጣሚን ስላረጋገጠ ፈጣሪ የለም ይላል። ሁለተኛው፣ ፈጣሪ ስላለ አጋጣሚ የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው ይላል። መልሶቹ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ሁለቱም አጋጣሚና የአላህ ፈቃድ በአንድ ነገር ላይ ሊገናኙ አይችሉም ብለው ይነሣሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የጋራ መነሻ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው። በዘረ መል ሳይንስ «በዘፈቀደ» ማለት የለውጡ መከሰት ከፍጡሩ ፍላጎት ጋር የተያያዘ አይደለም ማለት ነው፤ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ የሚያጸድቀውም ሆነ የሚያፈርሰው ነገር የለውም። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አለመሆኑን፣ በሕሙማንና በወላጆች ኑሮ ላይ የሚያስከትለው ነገር እንዳለ ወደ ኋላ እናያለን።

ቃሉ ምን ይላል?

አስቀድሞ የራሳችንን ቋንቋ እንመልከት። «በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ፈቀደ» የመጣ ሲሆን ቀጥተኛ ፍቺው «እንደ ወደደ» ነው። «ዕድል» የምንለውም ከ«ማደል» ይወለዳል፤ የሚታደል ነገር ደግሞ የሚያድል ይኖረዋል። ከቃል ሥር ተነሥቶ የዐቂዳ ማስረጃ ማቆም እንደማይገባ የታወቀ ነው። ሆኖም አማርኛ ስለ አጋጣሚ ሲናገር ፈቃድንና አዳይን የሚያስታውሱ ቃላትን መጠቀሙ፣ ሁለቱ አሳቦች በሰው አእምሮ ውስጥ የግድ እንደማይጋጩ ያመለክታል።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ቫይረስ ይዘው አንድ ጥያቄ ፈተኑ። ከጥቂት ባክቴሪያዎች በቀር ሌሎቹ በቫይረሱ ይሞታሉ፤ የተረፉት የመቋቋም ኃይሉን ያገኙት ቫይረሱ ስለ ነካቸው ነው ወይስ ከመንካቱ በፊት ነበራቸው? ቫይረሱ የፈጠረው ቢሆን ኖሮ፣ ለየብቻ በተለያዩ ብልቃጦች ያደጉ ባክቴሪያዎች ሲፈተኑ ከየብልቃጡ የሚተርፈው ቁጥር ተቀራራቢ በሆነ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው፤ ከአንዳንዱ ብልቃጥ አንድም አልተረፈም፤ ከአንዳንዱ ደግሞ እጅግ ብዙ ተረፈ። ለውጡ ቀደም ብሎ፣ ቫይረሱ ገና ሳይመጣ፣ በአንዱ ብልቃጥ ማልዶ በሌላው ዘግይቶ ተከስቶ ነበር ማለት ነው። ባክቴሪያው ስላስፈለገው አልመጣለትም፤ ባያስፈልገውም ይመጣ ነበር።

ይህን ለመረዳት ዕቁብን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይቸገርም። ዕጣው ሲወጣ ልጁ የታመመበትን ከሌላው ለይቶ አያውቅም፤ ድግስ ያለበትንም አይመርጥም። ዳኛው ዕጣውን በትክክል አንቀሳቅሷል፣ ወረቀቱ በእጅ ተነሥቷል፣ የወጣውም በምክንያት ወጥቷል። ዕጣ የምንለው ምክንያት ስለሌለው አይደለም፤ የወጣው ስምና የባለ ስሙ ችግር ግንኙነት ስለሌላቸው ነው። ሚውቴሽንም እንዲሁ ነው። ጨረር፣ አንዳንድ ኬሚካሎች፣ በሴል መራባት ጊዜ የሚፈጠር የቅጂ ግድፈት ያስከትሉታል፤ በዘር መልእክቱ ውስጥም ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው የሚለወጡ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ «በዘፈቀደ» ማለት «ያለ ምክንያት» ማለት አይደለም። በርግጥ ምሳሌው ወሰን አለው፤ በዕቁብ አንድ ጊዜ የደረሰው ሰው ዳግም አይደርሰውም፣ ሁሉም በተራው ያገኛል። በዘር ዕጣ ግን ተራ የለም፤ የደረሰው ሊደገም፣ ያልደረሰውም ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። አጋጣሚ በነጠላው የማይታወቅ ቢሆንም በብዛት ሲታይ ሥርዓት አለው። ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናቱ በሁለተኛው ትውልድ 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደዱ ፍሬዎችን ቆጥሯል፤ ይህም ወደ ሦስት ለአንድ የሚጠጋ ነው። አንዷ ፍሬ ምን እንደምትሆን አስቀድሞ የሚናገር አልነበረም፤ ከሰባት ሺህ በላይ ሲሆኑ ግን ልኩ ራሱን ገለጠ። ሙስሊም ምሁር በዚህ ውስጥ የሚያየው ትርምስን አይደለም፤ «ቀደር» የሚለው የዐረብኛ ቃል ራሱ ከልክና ከመጠን ጋር የተዛመደ መሆኑን ያስታውሳል።

የሁለት ጸሐፊዎች አንድ ስሕተት

ከቁሳዊያን ወገን የአጋጣሚን ነገር አግንኖ በመጻፍ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ ነው። ሞኖ ጂኖች ሥራቸውን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ በማጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በ1970 ባሳተመው «አጋጣሚና ግድነት» በተባለው መጽሐፉ፣ ሚውቴሽን ዕውር አጋጣሚ ስለሆነ ሰው ባላሰበው ሰፊ ዓለም ውስጥ ብቻውን የቀረ ፍጡር ነው ከሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍሎች የታላቅ ባለሙያ ሥራ ናቸው፤ የሚተቸው ዝላዩ ነው። ቤተ ሙከራው የነገረው ለውጡ የባክቴሪያውን ችግር አያውቅም የሚል ነበር። እርሱ ግን ለውጡን የሚያውቅ ማንም የለም ወደሚል ተሻገረ። ከመጀመሪያው አረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛው የሚያደርስ ሙከራ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ዕጣው የዕቁብተኛውን ችግር አለማወቁ ዕቁቡን ያቋቋመ ሰው የለም አያሰኝም። የሞኖ መደምደሚያ ፍልስፍና ነው፤ ፍልስፍና መሆኑ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በሳይንስ ካባ ተሸፍኖ መቅረቡ ነው።

ከሌላው ወገን በሙስሊሙ ዓለም ሰፊ ስርጭት ያገኙት በሃሩን ያሕያ የብዕር ስም የወጡ የቱርክ ጽሑፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው «የፍጥረት አትላስ» በውድ ወረቀትና በደማቅ ሥዕል ተዘጋጅቶ በብዙ አገሮች ተሠራጭቷል። እነዚህ ጽሑፎች አጋጣሚን እንደ ጣዖት ያቀርቡታል፤ የዝግመተ ለውጥ ሰዎች የሚያመልኩት እርሱን ነው ይላሉ። ዋና መሣሪያቸውም የቁጥር ስሌት ነው፤ አንድ ፕሮቲን በአጋጣሚ ሊገጣጠም የሚችልበት ዕድል ከአንድ በታች ብዙ ዜሮዎች የሚደረደሩበት በመሆኑ የማይቻል ነው ይላሉ።

ስሌቱን እንመርምር። አራት አኃዝ ያለውን የስልክ ምሥጢር ቁጥር አንዱን አራት አኃዝ በአንድ ጊዜ እየገመተ የሚፈልግ ሰው እስከ 10,000 ጊዜ መሞከር ሊኖርበት ይችላል። ስልኩ ግን ትክክለኛውን አኃዝ በየቦታው ሲያገኝ የሚይዝለት ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ቢበዛ 10፣ በድምሩ ቢበዛ 40 ሙከራ ይበቃዋል። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ሁለተኛውን ይመስላል፤ አጋጣሚ ያቀርባል፣ ተፈጥሯዊ ምርጦሽ እንደ ወንፊት ያበጥራል፣ የቀረው ይወረሳል። የሃሩን ያሕያ ስሌት ወንፊቱን ትቶ ዕጣውን ብቻ ስለሚቆጥር ባላንጣው ያላለውን ያፈርሳል። ፍትሕ እንዳይጓደል ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ ወንፊት የሚሠራው የሚራባና የሚወረስ ነገር ካለ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት ተገኘ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ለሳይንስ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ዒማንን ሳይንስ ገና ባልመለሰው ጥያቄ ላይ ማቆም ለዒማን አደጋ ነው፤ ነገ ጥያቄው ቢመለስ በላዩ የቆመው ሁሉ አብሮ ይናዳል።

ከዚህ የሚከፋው ግን የስሌቱ ጉድለት አይደለም። አጋጣሚ ከተረጋገጠ ፈጣሪ የለም የሚለውን የሞኖን አሳብ ሳያውቁ መቀበላቸው ነው። ተማሪው ነገ በቤተ ሙከራ ሚውቴሽንን በዓይኑ ሲያይ፣ ሁለቱም ወገኖች ያስተማሩት ወደ አንድ መደምደሚያ ይገፋዋል። አጋጣሚን እንክድለት ብለን ክህደትን አዘጋጀንለት ማለት ነው።

ዕጣ በሸሪዓ ሚዛን

ሸሪዓችን ከዕጣ ጋር እንግዳ አይደለም። የመርየምን (ዐ.ሰ.) አሳዳጊ ለመለየት ብዕሮች መጣላቸውን ሱረቱ ኣሊ ዒምራን 44፣ ዩኑስ (ዐ.ሰ.) በመርከብ ላይ በዕጣ መውጣታቸውን ሱረቱ አስ-ሷፋት 141 ይነግሩናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲነሡ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ይጥሉ እንደነበር ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በቡኻሪ ተዘግቧል። ፉቀሃኡ የዕጣን ወሰን በሚመለከት ተለያይተዋል፤ ሐነፊዮች አጥብበውታል፣ ሌሎቹ አስፍተውታል። ዕጣ መጣል ቀደርን መካድ ነው ያለ ግን የለም። ዩኑስ (ዐ.ሰ.) በዕጣ ወጡ ብሎ የሚያነብ ሙስሊም፣ ስለዚህ አላህ አልፈቀደውም ብሎ አይደመድምም። ዕጣና ፈቃድ በአንድ ድርጊት ላይ ተገናኝተዋል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው በሱረቱል ማኢዳ የተከለከለው አዝላም ነው። በቀስት ዘንግ ጥንቆላ የሚያደርግ ሰው ዕጣው ስውር ዕውቀት ይነግረኛል፣ ስለ ነገ ያዝዘኛል ብሎ ያምናል። ሸሪዓ ዕጣን የፈቀደው ምንም እንደማያውቅ ተቆጥሮ ነው፤ የከለከለው ደግሞ ዐዋቂ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። እንግዲህ ሞኖ ከሚውቴሽን ዕጣ ስለ ዓለም ትርጉም ፍርድ ሲያወጣ፣ ዕጣውን ከአቅሙ በላይ አናግሮታል ብንል አልበዛም።

ስለ ዘር ውርስም ጉዳያችንን የሚነካ ሐዲሥ አለን። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ከበኒ ፈዛራ የሆነ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደችበት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገራቸው። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ቀይ መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም አመድማ እንዳለ ሲናገር፣ አመድማው ከየት መጣ አሉት። ምናልባት ከቀደመ ዘር ሥር ስቦት ይሆናል ሲል፣ ልጅህንም እንዲሁ ሥር ስቦት ይሆናል የሚል መልስ ሰጡት። ዑለማእ ከዚህ፣ የቀለም አለመመሳሰል ብቻውን ዘርን ለመካድ ምክንያት እንደማይሆን ወስደዋል። ሐዲሡ የሜንዴልን ሕግ አስቀድሞ ተናግሯል ማለት አይገባም፤ ሐዲሥን በየዘመኑ መማሪያ መጽሐፍ ልክ መቅረጽ ሌላው የዘመናችን ድክመት ነው። ከሐዲሡ የምንማረው የመልሱን መንገድ ነው። ሰውዬው በልቡ ጥርጣሬ ይዞ መጣ፤ በሚያውቀው የከብት እርባታ በኩል ተፈጥሯዊ ምክንያት እንዲያይ ተደረገ፤ በዚህም የአንዲት ሴት ክብርና የአንድ ሕፃን ዘር ተጠበቀ። ምክንያቱን ማሳየት የአላህን ሥራ መሸፈን አልሆነም።

ገዛሊ፣ ኢብን ሩሽድና የዘመኑ ጥናት

ኢማሙ አል-ገዛሊ (505 ሂ./1111 እ.ኤ.አ.) በ«ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» 17ኛው ጉዳይ ላይ፣ ጥጥና እሳት ሲገናኙ የሚታየው ቃጠሎ የእሳቱ የግድ ውጤት እንዳልሆነ፣ አላህ በዘወትር ልማዱ የሚያከታትለው መሆኑን ይሟገታሉ። በዚህ አመለካከት ምክንያትና ውጤትን የሚያገናኝ የአላህ ፈቃድ ከሆነ፣ ሰው መደበኛ ብሎ የሚጠራው ክስተትና ሰው አጋጣሚ ብሎ የሚጠራው ክስተት ከፈቃዱ ያላቸው ርቀት እኩል ነው። ለእሳቱ ቃጠሎ ፈቃድ ካስፈለገ ለአንዲት የዘር ፊደል መለወጥም ያስፈልጋል። እንግዲህ አጋጣሚ ለአሽዐሪው ዐቂዳ የተለየ ፈተና አይሆንም።

ኢብን ሩሽድ (595 ሂ./1198 እ.ኤ.አ.) ግን የሚከብድ ተቃውሞ አንሥተዋል። በምክንያቶች መካከል ያለውን ትስስር የካደ ሰው፣ ዓለም በአጋጣሚ ተገኘች ለሚለው ሰው የሚመልሰው ያጣል ይላሉ፤ ጥበብ የሚታወቀው ነገሮች ለምክንያታቸው ሲገጥሙ ነውና። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ ግን ከላይ በሜንዴል ቁጥሮች ታይቷል፤ አጋጣሚው ራሱ በልክ የሚሄድ፣ ሊቆጠርና ሊጠና የሚችል ነው። ልማዱ የጸና መሆኑ ጥበቡን ለማየት ይበቃል። ሁለቱ ኢማሞች በመንገድ ቢለያዩም፣ አጋጣሚን ከጥበብ ውጭ የሆነ ራሱን የቻለ ኃይል አድርጎ የሚያቆም ከሁለቱም የለም።

በዘመናችን ሹዐይብ አሕመድ ማሊክ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «ኢስላምና ዝግመተ ለውጥ» የተባለው መጽሐፍ ይህን የገዛሊን መንገድ ተከትሎ ሰፊ ትንታኔ ያቀርባል። የሙስሊሞችን አቋሞች በአራት መክፈሉ፣ አጋጣሚንም ከአላህ ችሎታና ፈቃድ አንጻር መመርመሩ ለመምህራን ትልቅ እገዛ ነው። ጉድለቱ ብለን የምናየው፣ ክርክሩ በዐቂዳ ሊቃውንት ደረጃ ላይ መቆየቱ ነው። አጋጣሚ ለአላህ ችሎታ ፈተና አይደለም የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም የታመመ ልጅ ይዛ ኢማሙ ዘንድ ለመጣች እናት ገና ምንም አልተነገራትም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ወጥተን ወደ አገራችን ቆላና ወደ ወላጆች ቤት መሄድ ይኖርብናል።

ከጃዊ ቆላ የሚገኝ ትምህርት

ከእንጅባራ ደጋ ወደ ጃዊ ቆላ የሚወርድ ሠራተኛ ወባን ያውቃታል። በየጤና ኬላው ሲሠራበት የቆየው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውስጥ፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ይፈልጋል። ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን ከተውሳኩ ላይ የጠፋ እንደሆነ ግን ሰውየው ወባ እያለበት መመርመሪያው «የለም» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12,500 በላይ ሰዎችን አካቶ በ2021 «ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በዚህ የጂን መጥፋት የተነሣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በምርመራው ሊታለፉ እንደሚችሉ ገምቷል።

አካሄዱን እናስተውል። ተውሳኩ ከመመርመሪያው ልሰወር ብሎ አልመከረም። ጂኑ የጠፋው በቅጂ ግድፈት ነው፤ ስለ መመርመሪያው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ወንፊቱ መጣ፤ መመርመሪያው የሚያያቸው ተውሳኮች በመድኃኒት ሲጠፉ የማያያቸው ቀሩ፣ ተራቡ። የወባ መድኃኒትን ኃይል ሊያዳክም የሚችል ሌላ ሚውቴሽንም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተገኝቷል። ዕጣና ወንፊት አንድ ላይ የሚሠሩትን በሩቅ አገር ቅሪተ አካል ውስጥ ሳይሆን በጎረቤታችን ደም ውስጥ እናየዋለን። ሚንበር ላይ ቆሞ ሚውቴሽን ውሸት ነው የሚል ኢማም፣ ለትኩሳተኛው ምርመራህ ነጻ ካለ ሂድ ተኛ ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ነገሩን የተረዳ ግን፣ ምርመራው ነጻ ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀህ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለስና በማይክሮስኮፕ ታይ፣ የታዘዘልህንም መድኃኒት አታቋርጥ ይለዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መኖሩን ሰርግ በተባለው ስፍራ ሰምተው በተመለሱ ጊዜ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ሲባሉ፣ ከቀደሩ ወደ ቀደሩ መሄዳቸውን መመለሳቸው ለዚህ በቂ ትምህርት ነው።

ደጋውም የራሱ ትምህርት አለው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ለከሰል ያለማው ዲከረንስ ብዙ ቤት ያቆመ ዛፍ ነው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲገባበት ግን ማሳ ከማሳ ሳይለይ ጎድቶታል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተተከለበት ምድር ሁሉም አንድ ዓይነት ዕጣ እንደያዘ ዕቁብተኛ ነው፤ ሲጎድል ለሁሉም ይጎድላል። የዘር ልዩነት ትርፍ ነገር ሳይሆን መጠባበቂያ ነው። ሱረቱ አር-ሩም 22 የሰዎችን የልሳንና የቀለም መለያየት ከአላህ ተአምራት መካከል መቁጠሩን ስናስብ፣ ልዩነትን የሚያስገኘው የዘር ዕጣ ሊጠላ የሚገባው ነገር አለመሆኑ ይገለጥልናል። ከአንድ ወላጅ የሚተላለፉት ክሮሞዞሞች ብቻ በ8,388,608 ዓይነት ጥምረት ሊወጡ ይችላሉ፤ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ወንድማማቾች የማይመሳሰሉት ስለዚህ ነው።

በወላጆች ፊት

ይህ ጉዳይ ኢማሙን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው በሚንበር ላይ ሳይሆን በለቅሶና በመጠየቂያ ቤት ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የወለዱ ወላጆች ይመጣሉ። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል፤ ዘመድ የእናቲቱን ኃጢአት ይፈልጋል፤ ባልየው ከእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም ይላል። ልጁ ከጓዳ ሳይወጣ የሚያድግበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ሳይንሱ እዚህ ላይ የሚናገረው እንዲህ ነው። በአብዛኛው የዳውን ሲንድሮም መነሻ፣ የዘር ሴል ሲከፈል 21ኛው ክሮሞዞም ሳይለያይ መቅረቱ ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሆኖም በወጣት እናቶችም ላይ ይደርሳል። ወላጆቹ ያደረጉት ወይም ያላደረጉት ነገር አይደለም። በሌላ አነጋገር፣ «በዘፈቀደ» ነው። ይህ ቃል እዚህ ቦታ የክህደት ቃል ነውን? ለእናቲቱ የምሕረት ቃል ነው። ጥፋት የለብሽም፣ የተመረጥሽው ለቅጣት አይደለም ይላታል። ኢማሙም በቃሉ ላይ ቃል ይጨምራል፤ በዕጣ የመጣ ነገር ከአላህ ዕውቀት ውጭ አልመጣም፣ ልጅሽም ያለ ፈቃዱ የተጣለ አይደለም ይላታል። አጋጣሚን ክዶ ለሁሉም ነገር በወላጆች ሥራ ውስጥ ምክንያት የሚፈልግ ሰው፣ ሳያውቅ የአላህን ፍርድ ለራሱ ይወስዳል። አጋጣሚን አምኖ አላህን የካደ ደግሞ እናቲቱን ከኃጢአት ነጻ ያወጣትና ብቻዋን ይተዋታል። የሁለቱም ንግግር ጎዶሎ ነው።

የአደም (ዐ.ሰ.) ጉዳይ

አንባቢው የአደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠርስ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሳችን አጭር ነው። ቁርኣን ስለ አባታችን አደም የነገረንን በግልጽ ትርጉሙ እንቀበላለን፤ አላህ ያለ አባትና እናት ለመፍጠር የሚሳነው የለም። ይህ ግን የአጋጣሚ ጥያቄ ሳይሆን የወሕይ ጥያቄ ነው። ዳዊድ ሰለሞን ጃላጀልን የመሰሉ የዘመናችን ጸሐፊዎች ወሕይ የአደምን ነገር በተለየ ሁኔታ ሲነግረን ስለ ሌሎች ፍጥረታት ታሪክ ዝርዝር እንዳልሰጠን አመልክተዋል። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው ክርክሩ የሚበላሸው። በባክቴሪያና በወባ ተውሳክ ላይ የሚታየውን ለውጥ መቀበል ስለ አደም (ዐ.ሰ.) ማንንም ወደ ሌላ እምነት አያስገድድም፤ ስለ አደም ያለንን እምነት ለመጠበቅም በዓይን የሚታየውን መካድ አያስፈልግም።

መደምደሚያ

ኢማሙ አል-ገዛሊ በ«ተሃፉት» መግቢያ ላይ፣ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽን በስሌት ያረጋገጡ ሰዎችን ሃይማኖትን ለመርዳት ብሎ የሚሞግት ሰው፣ ሃይማኖቱን ከባላንጣዎቹ ይበልጥ እንደሚጎዳው አስጠንቅቀዋል፤ ስሌቱን በማስረጃ የሚያውቅ ሰው ስሌቱን ሳይሆን ሃይማኖቱን መጠራጠር ይጀምራልና። ዛሬ በግርዶሽ ቦታ ሚውቴሽን ቆሟል፤ ማስጠንቀቂያው አልተለወጠም።

ስለዚህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ፣ «በዘፈቀደ» የሚለውን ቃል ሲያስተምሩ «ከፍጡሩ ፍላጎት ጋር ሳይያያዝ» የሚለውን ፍቺ አብረው እንዲሰጡ፣ ስለ ፈጣሪ መኖርም ሆነ አለመኖር የሚነገረው ከባዮሎጂ ክፍል ውጭ የሚመረመር ጉዳይ መሆኑን ለተማሪው እንዲነግሩ ነው። ለኢማሞች የምናቀርበው ደግሞ፣ አጋጣሚን ከሚንበር ከመርገም በፊት የትኛው አጋጣሚ እንደሆነ እንዲጠይቁ ነው። ቀደርን የሚተካ ኃይል ተደርጎ የቀረበ ከሆነ ይቃወሙት፤ ዑለማኦቻችን ከጥንት ጀምሮ ተቃውመውታል። የፍጡርን አለማወቅና የዘርን መለያየት የሚገልጽ ቃል ከሆነ ግን ሊፈራ የሚገባው ነገር አይደለም። ከዛፍ የምትረግፈው ቅጠል የምታርፍበትን አታውቅም፤ ነፋሱም አያውቅም፤ እኛም አስልተን አንደርስበትም። ሱረቱል አንዓም የነገረን ቅጠሏ ታውቃለች ብሎ አይደለም፤ እርሷን የሚያውቃት አለ ብሎ ነው።

ወላሁ አዕለም።